በጎረቤቶቹ የሚቆም ጥርስ

ከኡራኤል ወደ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚሄድ መንገደኛ አትላስ ሲደርስ በፎቆቹ ግንባር ከተሰቀሉት ሰሌዳዎች መካከል የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ አያጣም፤ ገብቶም ለወለቀ ጥርሱ ምትክ ቢጠይቅ፣ ማታ ማታ ከሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስና በአጥንት ውስጥ ከሚተከለው ኢምፕላንት ጋር፣ ሐኪሞቹ ብሪጅ የሚሉት ይቀርብለታል።

ብሪጅ የራሱ ሥር የሌለው ጥርስ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች አዕማድ ሆነው ይሸከሙታል፤ ስለዚህም ሐኪሙ ሁለቱን አዕማድ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ሞርዶ፣ ልካቸውን ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ባለሙያውም ሁለት ቆብና በመካከላቸው አንድ ጥርስ ያለበትን ወጥ ሥራ ከብረት አበጅቶ፣ በላዩ ፖርሰሊን ደርቦ፣ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተኩሰዋል፤ ወይም ብረቱን ትቶ ሁሉንም ከዚርኮኒያ ይሠራዋል። ጥበቡ ጥንታዊ ነው፤ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ይኖሩ የነበሩ ኤትሩስካውያን ምትክ ጥርስን በወርቅ ቀበቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስሩት ነበር።

ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው መንጋጋ ነው፤ ወላጆች የወተት ጥርስ መስሏቸው ቸል ይሉታልና። ሥፍራው ባዶ ሲቀር ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውም ተቃራኒ አጥቶ ከድዱ እየወጣ ይረዝማል። የፊት ጥርስ የጎደለው እንደሆነ ደግሞ ፈ እና ሰ ይበላሹበታልና፣ በዐውደ ምሕረት ለሚሰብክ ወይም በማኅሌት ለሚያዜም ሰው ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል።

በእኔ አስተያየት የሥራው ዋና ነገር የአዕማዱ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 አንቴ የተባለ ሐኪም የተሸካሚዎቹ ሥር ስፋት ከጠፉት ጥርሶች ሥር ስፋት ማነስ የለበትም ብሎ ደነገገ፤ የኋላ ሊቃውንት ሕጉን እጅግ ጥብቅ ሆኖ ቢያገኙትም መንፈሱ አልተሻረም። የተሞረደ የጥርስ ገለፈት ተመልሶ አይበቅልምና፣ አዕማዱ ምንም እንከን የሌላቸው ከሆነ አቅም ላለው ሰው ኢምፕላንት ይመረጣል፤ ቀድሞ የተቦረቦሩና ቆብ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ግን ብሪጁ አንድ ሥራ ሆኖ ሦስት ጥርስ ይጠግናል።

በደንብ የተያዘ ብሪጅ ከ10 ዓመት በላይ ያገለግላል። የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ በቆቡ ጠርዝ ገብቶ ዓምዱን የሚበላ መበስበስ ሲሆን፣ የወይራ መፋቂያም ሆነ ብሩሽ ከምትኩ ጥርስ ሥር አይደርስምና፣ ባለቤቱ በየምሽቱ ክር በመርፌ መሰል ፕላስቲክ እየመራ በዚያ ማሳለፍ ይኖርበታል።