የአካል ጉዳት ካሣ ለመጠየቅ ጠበቃን ስለ ማማከር

በመኪና ተገጭቶ የተጎዳ እግረኛ ጠበቃ ዘንድ ሲቀርብ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው አደጋው የደረሰበትን ቀን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል፤ ድርጊቱ ከዚህ የረዘመ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ግን ረዥሙ ይጸናል። ስለዚህ ቁስሉ እስኪሽር ብሎ መዘግየት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ማስረጃ ነው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፥ የነዳው ሌላ ሰው እንኳ ቢሆን፥ በመርሁ ኃላፊ ነው፤ የጉዳቱን ልክ ማስረዳት ግን የከሳሹ ፈንታ ነው። የሐኪም ማስረጃ፥ የመድኃኒት ደረሰኝና የደመወዝ ማረጋገጫ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ተጎጂው የራሱ ጥፋት ቢኖር አይሸሽግ፤ ካሣውን ሊያስቀንስ ስለሚችል (ቁጥር 2098)፥ ጠበቃው ከተከራካሪው ወገን ሳይሆን ከደንበኛው ቢሰማው ይሻላል። የጥብቅና ዋጋውም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።