የእንጦጦ ሸክም

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ የወጣ ሰው ሽሮ ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ሸማ ነው። ሱቆቹ በነጠላ፣ በጋቢና በባለ ጥለት ቀሚስ ተሞልተዋል፤ በየጓሮው የጋሞ ሸማኔዎች መወርወሪያቸውን ያመላልሳሉ። ከዚያ ዳገቱ ይበረታል፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ እንጦጦ ማርያም ትታያለች።

ስለዚህ ሰፈር እንድጽፍ የገፋፉኝ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እንሴኖ ገበያ ዛላ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰሙ፣ "እንጦጦን ታውቀዋለህ ልጄ?" አሉኝ። አውቀዋለሁ አልኳቸው። "በመኪና ነዋ! እኔ በጀርባዬ ነው የማውቀው።"

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ ዙሪያ ከመቆርቆሯ በፊት የምኒልክ መናገሻ እንጦጦ ላይ ነበር፤ ለጥበቃ የተመቸ፣ ለኑሮ ግን ብርድ የበዛበት፣ ውኃና እንጨት የራቀው ከፍታ። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ነው። ከቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ ያለው የሣር ክዳን ቤተ መንግሥት ትንሽነቱ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ታች የተቆረቆረችው ከተማም ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ አንድዳ ስትጨርስ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታሰበ፤ ቤተ መንግሥትም ተጀመረ። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ እንጦጦም ደን ለበሰ። ተራኪዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ዛፉ ግን በራሱ ከተራራው ወርዶ ምጣድ ሥር አልገባም።

"ሌሊት አሥር ሰዓት እንወጣ ነበር" አሉኝ የእንሴኖዋ እናት፣ እንጨት ይሸከሙበት የነበረውን ዘመን ሲያስታውሱ። "ቅጠሉን ጠርገን፣ ጭራሮውን ለቅመን እናስራለን። ዳገቱን ባዶህን ነህ፤ የሚገድልህ ቁልቁለቱ ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ እስከ ስምንተኛ ወሬ ተሸክሜያለሁ። አንድ ቀን ዘበኛ እንጨቱንም ገመዱንም ቀማኝ። ለእንጨቱ አላለቀስኩም፤ ገመዱ የሰው ነበር።"

የአንዲት ሴት ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ወገብ ያጎብጣል፣ ማህፀን ያወርዳል፤ ጡረታ የለውም።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት እንጨት ለቃሚ የነበሩ ሴቶች እዚያው ሥራ እንዳገኙ ተነግሯል። ደግ ሥራ ነው፣ ደስም ብሎኛል። ስንቶቹ ናቸው? አርጅተው ሸክሙን የተዉትስ? ይህን ስጠይቅ አንድ ኃላፊ "በደብዳቤ አቅርብ" አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ስደውል ስልኩ አልተነሳም። የሴቶቹ ስም የሰፈረበት መዝገብ ካለ ይውጣ፤ ከሌለ አሁን ይጻፍ፣ ብዙዎቹ ገና በሕይወት አሉ።