«መጠላለፍ» እና «ጊዜ ማገጣጠም»፦ ስለ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ማማዎች ስያሜ

የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባለሙያዎች ኢንተርፌረንስን «ጣልቃ ገብነት»፣ ሲንክሮናይዜሽንን ደግሞ «ማመሳሰል» እያሉ መተርጐም ለምደዋል። እነዚህ ትርጕሞች በሌላ ስፍራ ብዙ ጉዳት ላያስከትሉ ይችላሉ፤ በኢንተርኔት ማማ መመሪያ ውስጥ ሲገቡ ግን ሠራተኛውን ከታሰበው ተቃራኒ ወደ ሆነ ሥራ ሊመሩት ይችላሉ።

ነገሩ ከስያሜው ይቀድማልና በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በአሜሪካ ገጠሮች ገመድ ያልደረሰባቸውን ቤቶች የሚያገለግሉ ትንንሽ ድርጅቶች ከኮረብታ ላይ ማማ ያቆማሉ። በማማው ላይ ወደ አራቱ ማዕዘን የሚመለከቱ አንቴናዎች ይሰቀላሉ፤ በደንበኛው ጣሪያ ላይም ወደ ማማው የዞረ አንድ አንቴና ይተከላል። ብዙዎቹ ፈቃድ በማይጠየቅበት በ5 ጊጋኸርዝ ድግግሞሽ አካባቢ ይሠራሉ። ማማውና ደንበኞቹ በአንድ ቻነል ላይ ተራ በተራ ይናገራሉ። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ የ5 ሚሊ ሰከንድ ዙር መጀመሪያ ማማው ይልካል፣ ቀጥሎ ደንበኞቹ ይመልሳሉ። በማሕሌት ቀኝና ግራ ቆመው የሚቀባበሉትን መዘምራን ማሰብ ይበቃል።

ችግሩ የሚነሣው ተራው ሲፋለስ ነው። አንድ አንቴና 1 ዋት ያህል ኀይል ሲረጭ፣ ከደንበኛው ተመልሶ የሚደርሰው ሞገድ ከዋት ቢሊዮንኛም ሊያንስ ይችላል። አንዱ አንቴና ይህን ሹክሹክታ ሲያዳምጥ በዚያው ማማ ላይ ያለው ጎረቤቱ በዚያው ቻነል ቢናገር፣ አዳማጩ ይደነቍራል። መድኀኒቱ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዲናገሩ፣ በአንድ ቅጽበትም ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ማድረግ ነው። ለዚህም እያንዳንዱ አንቴና ከጂፒኤስ ሳተላይቶች በየሰከንዱ አንድ ምት ይቀበላል። የመናገሪያውና የማዳመጫው ድርሻም፣ ለምሳሌ ሦስት አራተኛና አንድ አራተኛ፣ በሁሉም ዘንድ እኩል መሆን አለበት።

እንግዲህ «ማማዎቹን አመሳስል» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሠራተኛ በምን እንደሚያመሳስላቸው አይነገረውም። ቃሉ ከ«መሰለ» የወጣ ስለሆነ ወደ መልክና ወደ ዐይነት ያመራል። ሠራተኛው የሁሉንም ቻነል አንድ ቢያደርግና ሰዓታቸውን ሳይነካ ቢተወው፣ ትእዛዙን እንደ ቃሉ ፈጽሟል፤ በሽታውንም ራሱ ፈጥሯል። ጀርባ ለጀርባ የተሰቀሉ አንቴናዎች አንድ ቻነል ሊጋሩ የሚችሉት ሰዓታቸው አንድ ከሆነ በኋላ ነውና።

በቅርቡ የተስፋፋው «መናበብ» የተሻለ መስሎ ይታያል። የግዕዝ ሰዋስው መምህራን ዘርፍና ባለቤትን «ተናባቢ» ስለሚሉ ቃሉ ክቡር ዘር አለው። ሆኖም መናበብ እርስ በርስ ነው፤ እነዚህ ማማዎች ግን አንዱ ሌላውን አያነብም፤ ሁሉም የሚከተሉት ከሰማይ የሚመጣውን ምት ነው። «መናበብ» ይልቁንም ቻነሉ ነጻ መሆኑን አዳምጦ ለሚናገረው ለተራው ዋይፋይ ይስማማል። «ማቀናጀት»ም በሬ ከሌላ በሬ ጋር መቀነጀትን ያስታውሳል፤ ባለ ማማዎች ተነጋግረው ድግግሞሽ ለሚከፋፈሉበት ስምምነት ቢቀመጥ መልካም ነው።

እኔ የምመርጠው «ጊዜ ማገጣጠም» የሚለውን ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ሰዓት ሲውሉ «ተገጣጠሙ» እንላለን፤ ትርጕሙ በሕዝብ አፍ ያለ ነው። የመኪና መገጣጠሚያን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ጊዜ» የሚለው ቃል ከፊቱ እስካልተለየ ድረስ ግን ግርታው አይኖርም። ተቃራኒውን፣ ሰዓት ቀስ በቀስ መራቁን፣ «መንሸራተት» ብንለው ይገልጸዋል። በሚሊዮን አንድ ብቻ የሚስት ሰዓት በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሚሊ ሰከንድ ይንሸራተታል፤ ከ5 ሚሊ ሰከንዱ ዙር ሲነጻጸር ይህ ቀላል አይደለም።

ወደ «ጣልቃ ገብነት» ስንመለስ፣ ቃሉ ሐሳብና ፈቃድ ያለው አድራጊ ይፈልጋል። በማማዎች መካከል ግን ብዙውን ጊዜ ክፉ አሳቢ የለም። ሆን ተብሎ የሚደረገውን የቀድሞ የአጭር ሞገድ አድማጮች ያውቁታል፤ እሱ «አፈና» ነው። ለሌላው «መጠላለፍ» ይበቃል፤ የቃሉ አረባብ ራሱ የእርስ በርስ መሆኑን ይናገራል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ የጉዳቱን ምንጭ «ጠላፊ» ማለት አይገባም፤ ስልክ መጥለፍ ምስጢር መስማት ነውና ደንበኛውን ያስደነግጣል። ምንጩ «ረባሽ» ቢባል የቃላቱ ቤተሰብ ይለያያል፣ ትርጕሙ ግን ይጠበቃል። ለቤተሰብ ንጽሕና ብዬ ትርጕም አልሠዋም።

«ቻነል» ግን ይቆይ። ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ተርጓሚው በዚያ የጣቢያው ስም መሆኑን፣ በዚህ ግን የድግግሞሽ ቍራጭ መሆኑን አንድ ጊዜ ያብራራ።

በመጨረሻ አንድ የአገባብ ጉዳይ አለ። «ቋሚ ገመድ አልባ ኢንተርኔት» ሲባል «ቋሚ» የሚገልጸው ገመዱን ነው ወይስ አገልግሎቱን? እንደ ተጻፈ «ቋሚ ገመድ የሌለው» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ቋሚው በጣሪያ ላይ የተተከለው የደንበኛው አንቴና ስለሆነ «ገመድ አልባ ቋሚ ኢንተርኔት» ተብሎ ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ ብዥታው ይወገዳል።