ስካውቱና ሴሽኑ

በኢትዮጵያ የጤና መረጃ አሠራር የሪፖርት ወር ከ21 ይጀምርና በቀጣዩ ወር 20 ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ከራስ ደጀን ግርጌ ያለው የበየዳ ጤና ጣቢያም፣ የደባርቁም፣ የዳባቱም፣ የሞያሌውም የወሩን ቁጥር ያስገባል። ሪፖርቱን የሚቀበለው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። ልማቱ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሶፍትዌር ሲሆን በጃቫ ተጽፎ በስፕሪንግና በሃይበርኔት ላይ የቆመ ነው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገር ደረጃ ይጠቀምበታል፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርም ይሠራል።

ይህ ዳሰሳ እንዲህ ባለ ሶፍትዌር ሆድ ውስጥ ያለችውን አንዲት ጥያቄ ይከተላል፦ ከዳታቤዙ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ማን ይከፍታል? ማንስ ይዘጋል?

ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ሃይበርኔትን ሲጀምር ያሰበው የጃቫ ኦብጀክቶችን ከዳታቤዝ ሠንጠረዥ ጋር ለማስታረቅ ነበር። ሴሽን የዚያ እርቅ ማስታወሻ ደብተር ነው። ከሠንጠረዥ የወጣውን ኦብጀክት ሁሉ ይመዘግባል፣ የተለወጠውን ይለያል፣ ሥራው ሲያልቅ ለውጡን ወደ ዳታቤዙ ይጽፋል። ከጀርባው ደግሞ ኮኔክሽን አለ፤ ኮኔክሽን ውድ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። በጃቫ ዓለም በስፋት የሚሠራበት የኮኔክሽን ማቆያ (ፑል) ሂካሪ ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር የሚይዘው 10 ኮኔክሽን ብቻ ነው። 11ኛው ጠያቂ ይጠብቃል፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ የሚለቅለት ካላገኘ ስህተት ይመለስለታል።

በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ሜተድ ሴሽኑን ራሱ ይከፍት፣ ትራንዛክሽኑን፣ ማለትም አብሮ የሚጸድቀውን ወይም አብሮ የሚሻረውን የለውጥ ጥቅል፣ ራሱ ይጀምር፣ ስህተት ቢመጣ ራሱ ይመልስ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይዘጋ ነበር። ለሁለት መስመር ቁም ነገር አሥር መስመር አጀብ ያስፈልጋል። አንዱ ፕሮግራመር መዝጊያዋን መስመር ከረሳ ያ ኮኔክሽን ወደ ቦታው አይመለስም። እንዲህ ያለ ክፍተት የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው፤ ሲስተሙ ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት ይቆማል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀናት ይወስዳል።

መፍትሔው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1997 ግሬጎር ኪዛሌስና በዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ያሉ ባልደረቦቹ በብዙ ክላሶች ውስጥ የሚደጋገመውን ጉዳይ ከዋናው ሥራ ነጥሎ በአንድ ስፍራ የመጻፍን ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ ሐሳብ የወጣው የሜተድ ኢንተርሴፕተር አሠራሩ ቀላል ነው። ጠሪው ሜተዱን የጠራ ይመስለዋል፤ የሚያገኘው ግን እሱን የመሰለ ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲው ጥሪውን ለኢንተርሴፕተሩ ይሰጣል፤ ኢንተርሴፕተሩ የመግቢያውን ሥራ፣ እንደ ሴሽን መክፈትና ትራንዛክሽን መጀመር ያለውን፣ ሠርቶ «ቀጥል» ይላል፣ ሜተዱ ሲመለስ የመውጫውን ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ ሙሉ ዕትሙ የወጣው ስፕሪንግ ይህን ሥልት በሰፊው አስለመደ።

እኛ ሰሜኖች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ጎብኚ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ አጃቢ ስካውት ይመደብለታል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ጭላዳውና ዋልያው ላይ ነው። ሜተዱ ጎብኚው፣ ኢንተርሴፕተሩ መመዝገቢያው፣ ኮኔክሽኑ ስካውቱ ነው እንበል።

ትልቁ ክርክር ያለው ስካውቱ የሚሰናበትበት ቦታ ላይ ነው። ሃይበርኔት ብዙ ጊዜ ተያያዥ መረጃዎችን እስኪፈለጉ ድረስ አያወጣም። ሴሽኑ ከተዘጋ በኋላ ገጹ «የዚህን ጤና ጣቢያ ዝርዝር አምጣ» ሲል፣ ስካውቱን ደባርቅ አሰናብቶ ጎንደር ሲደርስ የተራራ ስም እንደሚጠይቅ ጎብኚ መልስ ያጣል፤ ስህተት ይወረወራል። ይህን ለመሸሽ ብዙዎች ሴሽኑ ገጹ ተሠርቶ እስኪያልቅ ክፍት እንዲቆይ አደረጉ፤ ስፕሪንግ ቡትም ካልከለከሉት ይህንኑ ያደርጋል፣ ሲነሳ ግን በሎጉ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ምቾቱ እውነት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ጎብኚው ስካውቱን ጎንደር ሆቴሉ ድረስ ይዞት ሲሄድ ደባርቅ ላይ ሌላው እንግዳ ቆሞ ይጠብቃል። ኔትወርክ በሚንቀረፈፍበት አገር፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን በሚያስገባበት ሥራ፣ ይህ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ሴሽኑ ተጠቃሚው «አንድ ሥራ» በሚለው ልክ ይከፈት፣ ለገጹ የሚያስፈልገው መረጃ በዚያው ይውጣ፣ ወዲያው ይዘጋ።

ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። በየዳ የሚኖር ገበሬ ጎረቤቱ ቤት ለመሄድ ደባርቅ መጥቶ አይመዘገብም። በአንድ ክላስ ውስጥ ያለ ሜተድ የራሱን ክላስ ሌላ ሜተድ ሲጠራም እንዲሁ ነው፦ ጥሪው በፕሮክሲው በኩል ስለማያልፍ ኢንተርሴፕተሩ አያየውም። ፕሮግራመሩ ከሜተዱ በላይ ኢንተርሴፕተሩን የሚያዘውን «ትራንዛክሽናል» የሚል ምልክት ጽፏል፤ ትራንዛክሽን ግን አልተጀመረም። ኮዱን ለሚያነብ ሁሉም ነገር የተሟላ ስለሚመስል ከሁሉ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

ሁለተኛው ወጥመድ ያለው በስህተቱ ዓይነት ላይ ነው። ስፕሪንግ ትራንዛክሽኑን የሚመልሰው ሳይጠበቅ ለሚመጣ ስህተት ነው። በሜተዱ ስም ላይ አስቀድሞ የተገለጸ ስህተት ሲወረወር ግን፣ ካልተነገረው በቀር፣ እስከዚያ የተጻፈውን ያጸድቃል። የወሩ ክትባት ገብቶ የወሊዱ ቁጥር የቀረበት ሪፖርት እንዲህ ሊፈጠር ይችላል፤ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ወረዳው ያልሠራ ይመስላል።

ሦስተኛው፣ ሌሊት ከጀርባ የሚሄዱ ሥራዎች በድር ጥያቄ በር አይገቡም፤ ስለዚህ በዚያ በር የሚከፈተው ሴሽን አይደርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በአፍሪካ የሕክምና መዝገብ ሥራ የታወቀው ኦፕንኤምአርኤስ ላይ የጀርባ ሥራ የሚጽፍ ሰው ሴሽኑን በእጁ ከፍቶ በእጁ ሲዘጋ የኖረው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ የጃቫ ብቻ አይደለም። በዶትኔት ኤንሃይበርኔት አለ፤ ጃንጎ እያንዳንዱን የድር ጥያቄ በአንድ ትራንዛክሽን የሚጠቀልል ማስተካከያ አለው፤ ላራቬል ደግሞ ትራንዛክሽኑን ፕሮግራመሩ በግልጽ እንዲጠቀልል ያደርጋል። የመጨረሻው ሥልት ጥቂት መስመር ይጨምራል፤ ወሰኑ ግን በዓይን ይታያል፣ ለጀማሪ የምመርጠውም እሱን ነው።

በጎንደርም በደባርቅም ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ለምትማሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ትራንዛክሽናል» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የሃይበርኔትን ሎግ ክፈቱ፤ ሴሽኑ የት እንደተከፈተ፣ የት እንደተዘጋ፣ በመካከሉ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ራሳችሁ ቁጠሩ።