የፊት መሸብሸብ፣ ቅባቱና የማስረጃው ሚዛን

እ.ኤ.አ. በማርች 2007 የእንግሊዙ ቢቢሲ «ሆራይዘን» በተባለው የሳይንስ ፕሮግራሙ ስለ መዋቢያ ምርቶች አንድ ዝግጅት አስተላለፈ። በዝግጅቱ ውስጥ ቡትስ የተባለው የመድኃኒት መደብር የሚሸጠው አንድ የፊት ቅባት በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት እንዳሳየ ተነገረ። ወዲያው ገዢው ወደ መደብሮቹ ጎረፈ፤ መደርደሪያዎቹ ባዷቸውን ቀሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚያው የምርት ቤተሰብ አባል የሆነ ቅባት በ60 ሰዎች ላይ ለስድስት ወር ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ። ወጪውን የሸፈነው ራሱ ቡትስ ነበር። ቅባቱን ከተቀቡት ውስጥ 43 በመቶ የሚሆኑት የፊታቸው መሸብሸብ ተሻሻለ። ይህን ቁጥር ብቻ የሰማ ሰው ቅባቱ ሠርቷል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ሌላው ቡድን «ሠሪ» የተባሉት ንጥረ ነገሮች የሌሉበትን ተራ ቅባት ሲቀባ ቆይቶ 22 በመቶው ተሻሽሎ ነበር። በዚህ ቁጥር ተሳታፊ ደግሞ በ43 እና በ22 መካከል ያለው ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚም ሊገኝ የሚችል ነው። የዮርክ ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ምሁር ማርቲን ብላንድ የተቹትም ይህንኑ ነው፦ እያንዳንዱን ቡድን ከራሱ መነሻ ጋር ማስተያየት አይበቃም፤ ሁለቱን ቡድኖች እርስ በርስ ማወዳደር ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሊጤን የሚገባው 22 በመቶው ነው። እነዚህ ሰዎች አልተታለሉም፤ ፊታቸው በእርግጥ ተሻሽሏል። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ድርቀት ያጎላቸው ጥቃቅን መስመሮችም በሰዓታት ውስጥ ይደበዝዛሉ። ይህን ማንኛውም ደህና ማለስለሻ ቅባት ያደርገዋል። ስለዚህ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሻጭ እጅግ የሚመች ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ይሆናልና። ገዢውን የሚጠቅመው ጥያቄ «ከተራው ቅባት በምን ያህል ይበልጣል?» የሚለው ነው። ውድ ዋጋ የሚከፈለው ለዚያ ልዩነት መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ሲለኩ ከመደርደሪያው ላይ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚተርፉትም ብዙ ጊዜ ውዶቹ አይደሉም።

ለምን ጥቂት እንደሆኑ ለመረዳት መሸብሸብ የት እንደሚጀምር ማየት ይበጃል። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን፣ ወደ ቦታው የሚመልሰው ደግሞ ኢላስቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሁለቱም የሚገኙት ከላይኛው ሽፋን ሥር ባለው ወፍራም ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜ ያሳሳቸዋል፤ የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ከዕድሜ በላይ ይጎዳቸዋል፤ ኮላጅንን የሚበሉ ኢንዛይሞችን ያስነሳልና። በ2012 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶግራፍ ይህን በአንድ ፊት ላይ አሳይቷል። ሰውየው ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ሲነዱ በመስኮት በኩል ጸሐይ የመታው ግራ ጉንጫቸው በጥልቅ ተሸብሽቦ፣ ቀኙ ግን ብዙም ሳይጎዳ ቀርቷል። ዕድሜያቸው ያው፣ ዘራቸው ያው፣ ልዩነቱ መስኮቱ ነው። ጉዳቱ ከሥር ከሆነ መፍትሔውም እስከዚያ መድረስ አለበት። ኮላጅን በቅባት መልክ ይቀባ ቢባል ሞለኪውሉ ቆዳን ዘልቆ ለመግባት እጅግ ትልቅ ስለሆነ ከላይ ተቀምጦ ከማለስለስ አያልፍም።

እስከዚያ ድረስ ዘልቆ በንጽጽር ሙከራ ከተራ ቅባት የበለጠው ትሬቲኖይን ነው፤ ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ፣ መጀመሪያ ለብጉር የተሠራ መድኃኒት። በ1988 በ30 ሰዎች ላይ ለ16 ሳምንታት በተደረገ ሙከራ ተሳታፊውም ሐኪሙም የቱ መድኃኒት፣ የቱ ተራ ቅባት እንደሆነ ሳያውቁ መድኃኒቱ በጸሐይ የተጎዳ ቆዳን አሻሽሏል። በ1993 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ወር ከተቀቡ በኋላ በተጎዳው ቆዳ ውስጥ አዲስ ኮላጅን መሠራቱ በ80 በመቶ እንደጨመረ፣ ተራ ቅባት በተቀቡት ግን እንደቀነሰ ለካ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ወሰንም ዋጋም ግን አለው። በ1988ቱ ሙከራ ከተቀቡት 92 በመቶው ቆዳቸው ቀልቶና ተቆጥቶ ነበር። እርጉዝ ሴት ልትቀባው አይገባም። የሚያደበዝዘውም ጥቃቅን መስመሮችን እንጂ ጥልቁን እጥፋት አይደለም፤ ያውም በወራት ትዕግሥት። በሱቅ የሚሸጠው ሬቲኖል ዘመዱ ቢሆንም ጉልበቱ ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ቦቶክስን የሚያነሳ አይጠፋም፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። በ2002 በአሜሪካ ለቅንድብ መሐል መስመሮች የተፈቀደው ይህ መርፌ በማስረጃ ረገድ ከየትኛውም ቅባት ይጠነክራል። ሆኖም የሚሠራው ቆዳው ላይ ሳይሆን ቆዳውን በሚያጥፈው ጡንቻ ላይ ነው። ጡንቻው ሲዝል መስመሩ ይላላል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ጡንቻው ሲነቃ መስመሩም ይመለሳል። ጸሐይ ያሳሳውን ጉንጭ አያድስም። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት መሸብሸብ ጥሩ መልስ፣ ለሌላው ደግሞ ምንም መልስ ያልሆነ ነገር ነው፤ «የቦቶክስን ያህል» የሚል የቅባት ማስታወቂያም ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ያገናኛል።

ከሁሉ ጠንካራው ማስረጃ ያለው መከላከል ላይ ነው። በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ባለችው ናምቡር ከተማ 903 ጎልማሶች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ የጸሐይ መከላከያ ክሬም በየቀኑ፣ ሌሎቹ ደግሞ እንደፈቀዳቸው እንዲቀቡ ተደረገ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ የቆዳቸው ቅርጽ ሲለካ፣ በ2013 እንደታተመው፣ በየቀኑ በተቀቡት ላይ የእርጅና ምልክት በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። «ይህ የነጮች ጣጣ ነው፤ ለጠይም ቆዳ ምን አገባው?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ግማሹም እውነት ነው። ሙከራው የተደረገው በአብዛኛው ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። በ1979 የታተመ ልኬት እንዳሳየው፣ ጥልቅ ከሚዘልቀው የአልትራቫዮሌት ኤ ጨረር ነጭ የላይኛ ሽፋን ከግማሽ በላይ ሲያሳልፍ ጥቁሩ የሚያሳልፈው ወደ 18 በመቶ ገደማ ነው። ቆዳን የሚያጠይመው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ጥሩ ጃንጥላ ነው፤ የሚያፈስ ጃንጥላ ግን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይበረታል። ለጠይም ፊት መሸብሸቡ ዘግይቶ ቢመጣም ማድያቱና የቀለም መዘበራረቁ ቀድመው ይታያሉ፤ ጸሐይ ሁለቱንም ታባብሳለች።

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ አንድ ቅባት አልተሞከረም ማለት አይሠራም ማለት አይደለም። ልክ ነው። ጥሩ ሙከራ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል፤ የመዋቢያ ሕግም አያስገድድም። ችግሩ ግን ሕጉ ራሱ ላይ ነው። ከ1938 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ ሕግ የአካልን አሠራር እለውጣለሁ የሚል ምርት መድኃኒት ነው፤ ሳይፈቀድለትም አይሸጥም። ስለዚህ አምራቹ «መሸብሸብን ይቀንሳል» ከማለት ይልቅ «የመሸብሸብን ገጽታ ይቀንሳል» ብሎ ይጽፋል። በአንዲት ቃል የሕጉን አጥር ተሻገረ፤ አንባቢው ግን ልዩነቷን አያያትም። ያልተሞከረ ነገር ሊሠራ ይችላል፤ ዋጋው ግን እንደ ተሞከረ ነገር ሊተመን አይገባውም።

ጉዳዩ የገንዘብ ብክነት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በአገራችን ገበያ «ፊት ያጠራል» እየተባሉ ከሚቀቡት ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያበራሉ፤ ሲቆዩ ግን ኮላጅን እንዳይሠራ እያደረጉ ቆዳውን ያሳሱታል፤ ደም ሥሩ በላይ ይታያል፣ ለመሸብሸብም ይመቻል። ፈጣን ውጤት ያየ ሰው ቅባቱን ያምናል፤ ትሬቲኖይን ደግሞ በጀመረ ሰሞን ፊትን አቅልቶ ያስፈራል። የመጀመሪያው ወር መስታወት ሁለቱንም ገልብጦ ያሳያል ማለት ነው። የሐኪም ምክርና የወራት ልኬት የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። ለአብዛኛው ሰው ግን ማስረጃው የሚመክረው ቅደም ተከተል አጭር ነው፦ ቀትር ላይ ጥላ፣ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፤ አቅም ሲኖር የጸሐይ መከላከያ፤ ለድርቀት ተራ ቅባት፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ትሬቲኖይን በሐኪም ትእዛዝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ቅባት የሚገዛ ሰው ሽታውን፣ ልስላሴውንና ብልቃጡን ወዶ ቢገዛ ምንም ነውር የለውም፤ ለእነዚያ እየከፈለ መሆኑን እስካወቀ ድረስ።