ከማማከር ወደ በይነ መረብ ሥልጠና፦ ለሽያጭ የሚቀርበው ይዘት የማን ነው?

ደንበኞችን በቢሮ አንድ በአንድ ሲያስተናግዱ የቆዩ የሒሳብ፣ የግብርና የሥራ አመራር አማካሪዎች ዕውቀታቸውን በቪዲዮና በጽሑፍ አዘጋጅተው በበይነ መረብ ለብዙ ሠልጣኞች መሸጥ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ካሜራና ድምፅ መቅጃ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ ይችላል። ከመሣሪያው አስቀድሞ መልስ የሚሻው ጥያቄ ግን የይዘቱ ባለቤትነት ነው።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተዘጋጀ ሥራ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። ስለሆነም አማካሪው ለአንድ ፋብሪካ ተከፍሎት ያዘጋጀውን የሒሳብ አሠራር መመሪያ ርእሱን ብቻ ቀይሮ ለሥልጠና ቢያውለው የደንበኛውን ንብረት እየሸጠ ሊሆን ይችላል። ሰነዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈው እርሱ ራሱ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ይህ ማለት ግን አማካሪው በዓመታት ያካበተውን ዕውቀት ማስተማር አይችልም ማለት አይደለም። አዋጁ የሚጠብቀው አገላለጽን እንጂ ሐሳብን ወይም ዘዴን አይደለም። ትምህርቱን በራሱ ምሳሌና አቀራረብ እንደ አዲስ መጻፍ ይችላል፤ የቀድሞውን ሰነድ እንዳለ መጠቀም ከፈለገ ደግሞ የደንበኛውን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ይኖርበታል። ወደፊት በሚፈረሙ የማማከር ውሎች ውስጥ ስለ ባለቤትነት የሚደነግግ አንድ አንቀጽ ማካተት በኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ከደንበኛ ሥራ የተወሰዱ ምሳሌዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ለማስተማሪያነት ሲቀርብ ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ በትንሽ ድርጅት ውስጥ «ዋና ሒሳብ ሹም» የሚለው የሥራ መደብ ብቻውን ግለሰቡን ያስለያል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ያለ በመሆኑ፣ ለማስተማሪያ የሚሆኑ አኃዞችን ከነድርጅቱ በምናብ መፍጠር የተሻለ ነው።

የተቀረጸ ትምህርት ሌላም ኃላፊነት ያስከትላል። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሲተካ፣ በቢሮው የሚያማክር ባለሙያ ለቀጣዩ ደንበኛ የሚሰጠውን ምክር ማስተካከል በቂው ነበር። በቀድሞው ሕግ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን ካልታረመ ገዢዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳስታል። የተቀረጸበትን ቀንና የተመሠረተበትን ሕግ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ መግለጽ፣ ሕጉ ሲለወጥም ክፍሉን ማንሳት ወይም ማረም ከሻጩ ይጠበቃል።

ሽያጩን በተመለከተ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ቢፈጸምም የግብር ግዴታው እንደተጠበቀ ነው። በእጅ ያለው የማማከር ንግድ ፈቃድ ሥልጠና መስጠትን የሚሸፍን መሆኑን ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።