ያውቁ ኖሯል? ደረጃ የማይሰጠው ካንሰር

አመሻሽ ላይ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የክልል መኪና ሲራገፍ፣ ከነጋዴውና ከጆንያው መሀል ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ያቀፈ አባት አልፎ አልፎ ይታያል። ኪሱ ውስጥ የሪፈር ወረቀት አለ፤ የነገ መንገዱ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። እዚያ «የደም ካንሰር» ሲሉት የሚጠይቀው ይታወቃል፦ «ስንተኛ ደረጃ ደርሷል?»

የሕፃናት የደም ካንሰር አንደኛ ደረጃ፣ አራተኛ ደረጃ እንደማይባል ያውቁ ኖሯል? እንደ ጡት ካንሰር ከአንድ ቦታ ተነስቶ አይዛመትም፤ ደም ድሮውንም መላ አካልን ይዞራል። ሐኪሙ የሚለየው ዓይነቱንና የአደጋ ምድቡን ነው። ሁሉም መርካቶ ቢባልም ሸማ ተራና ቆርቆሮ ተራ ለየቅል ናቸው፤ ይህም በሽታ እንደዚያው ነው። ተራውን የሳተ ሕክምና ግን የሚያስከፍለው ልጅ ነው።

የደም ካንሰር ከያዛቸው 4 ሕፃናት 3ቱ ያህል ኤ.ኤል.ኤል. የሚባለው ዓይነት ነው ያለባቸው። ከቀሪዎቹ የሚበዙት ኤ.ኤም.ኤል. አለባቸው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ዓይነቱን ለመለየት መቅኔ ይመረመራል፤ የሚቀዳውም ከዳሌ አጥንት በስተኋላ ነው። ጠብታዋ መስታወት ላይ በስሱ ትነጠፋለች፣ በቀለም ትነከራለች፣ ከዚያ ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ሕዋስ በሕዋስ ይቆጥራል። ጤናማ መቅኔ ውስጥ ያልበሰሉት ሕዋሳት ከ100 አምስት አይሞሉም። ከጀርባ የሚቀዳው ፈሳሽ ደግሞ በሽታው አንጎልና ሕብለ ሰረሰር አካባቢ መግባቱን ይናገራል።

በኤ.ኤል.ኤል. የአደጋ ምድብን የሚወስኑት ሁለት ቁጥሮች ውድ መሣሪያ አያሻቸውም። በ1993 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የጠራቸው ባለሙያዎች የተስማሙበት መስፈርት ይህ ነው፦ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ሆኖ 10 ያልሞላ፣ ነጭ የደም ሕዋሱም በማይክሮ ሊትር ከ50,000 በታች የሆነ ልጅ መደበኛ ምድብ ይገባል። ከሁለቱ አንዱን ካለፈ ምድቡ ከፍተኛ ነው። ቀላል ይመስላል። እናት ግን «በጥምቀት ማግሥት ነው የወለድኩት፤ ዓመቱ እንጃ» ስትል፣ ዘጠኝ ይሁን አሥር ማን ያውቃል? ምድቡን የሚቀይረው ያቺ አንዲት ዓመት ናት።

ክሮሞሶም መብዛቱ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል ቢባል ያምናሉ? የሰው ሕዋስ 46 አለው። የካንሰሩ ሕዋስ ከ50 በላይ ካለው ልጁ ለሕክምናው ደህና ምላሽ የመስጠት ዕድል አለው። ከ44 በታች ሲሆን ነገሩ ይከብዳል።

ምደባው በአንድ ቀንም አያልቅም። የመጀመሪያው ወር ሕክምና እንዳለቀ መቅኔው እንደገና ይታያል። ዘመናዊው መሣሪያ ከ10,000 ሕዋስ መሀል የቀረችውን አንዷን ሳይቀር ያገኛታል። እኛ ጋ ግን ለብዙ ዓመታት ሸክሙ የወደቀው በዚያው በማይክሮስኮፕ ላይ ነው።

ቤተሰብን የሚያግዙ ማኅበራትም አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በ4 ዓመቱ የደም ካንሰር ከነጠቀው ሕፃን ነው፤ የመሠረቱት ወላጆቹ ናቸው። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ማኅበር ደግሞ ከክልል የመጡ ሕፃናትን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ያሳድራል። የኤ.ኤል.ኤል. ሕክምና ሁለት ዓመት አለፍ ስለሚል ማረፊያ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጨረሻዋ ደግሞ ለወላጅ ናት። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ለሳልም ለሽፍታም ተብለው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። ከምርመራው በፊት ከተወሰዱ የነጭ ሕዋሱን ቁጥር ለጊዜው አውርደው መቅኔውንም ያደበዝዙታል፤ ያኔ ምድቡ ይምታታል። ስለዚህ ልጅዎ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። በወረዳው ጤና ጣቢያ የተሠራውን የመጀመሪያውን የደም ቆጠራ ወረቀትም፣ ተጨማዶም ቢሆን፣ ይዘው ይምጡ። የ50,000ዋ ነገር የምትታየው እዚያች ወረቀት ላይ ነው።